በየኔታ አልጋ ላይ የገባ ባሕር

በኛ አገር ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ አይናገርም። ሽማግሌ ይልክና ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። እኔም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሽማግሌ ልኬ ጥፍሬን ስበላ ሰነበትሁ። ክልል የሚለው ቃል ገና ለአፋችን አዲስ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በቅርብ ወጥቼ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ እመርጥ ነበር። የምፈልጋት ልጅ ቡሬ አስተማሪ ናት። አባቷ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከዚህች አንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

"ሙያህን ጠየቁን" አለ አጎቴ። "ድንጋይ ያጠናል አልናቸው። 'ይፈልጣል?' አሉ። አይፈልጥም፣ ያጠናል እንጂ ብንላቸው 'እንግዲያው ከፈላጭም አነሰ' ብለው ሣቁብን።"

እኔን ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ድንጋይ ሲናቅ ግን ደሜ ይፈላል። "የዓባይ በረሃ ጥንት ባሕር እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ነው በሏቸው" ብዬ መልሼ ላክኋቸው። የኔታም "ይህን የሚል ራሱ ይምጣና ይንገረኝ" አሉ። ልማድ ፈረሰ፤ ሰፈሩም "ራሱን ሊድር ሄደ" እያለ ተሣለቀብኝ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባሁና ከደጀን ቁልቁለት ያመጣሁትን የኖራ ድንጋይ መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። ዛጎል እንደ ሙዳ ሥጋ ተሰግስጎበታል።

"የኖኅ ውኃ ያመጣው ይሆናል" አሉ የኔታ።

"የኖኅስ ቶሎ ጎደለ፣ የኔታ። ይህኛው ግን ገደል የሚያህል ዛጎል እስኪከመር ድረስ ተቀምጦ ነው የሄደው።"

"ባሕሩ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?"

በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ዓይኔ የጠፍር አልጋቸው ላይ አረፈ። ጠፍሩ ከእርጅና ብዛት መሃሉ ረግቧል፤ ከላይ የበሬ ቆዳ ጀንዲ ተነጥፎበታል። "መሬት ግራና ቀኝ ሲሳብ እንዲህ ይሳሳና መሃሉ ይረግባል" አልሁ። ከዚያም ሳላስብ አጠገቤ የነበረውን የመጠጥ ውኃ ጣሳ አንስቼ ውኃውን ጀንዲው ላይ ደፋሁት።

"ኧረ የሰው መኝታ ነው!" ብሎ ጮኸ አጎቴ።

ከጀመሩ ወዲያ ማቆም የለም። ከቀረበልን ቆሎ ዘገንሁና በዳርቻው በተንሁት። "ጥልቀት በሌለውና ፀሐይ በሚያገኘው ዳር ዛጎሎቹ ይራባሉ፤ ሲሞቱ እየተደራረቡ ሰፊ የኖራ መደብ ይሠራሉ።" ከምድጃው አመድ ቆንጥሬ መሃሉ ላይ ነሰነስሁ። "ጥልቁ ውስጥ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚወርድ ጭቃ ይተኛል። ኋላ መሬቱ ከፍ አለ፣ ባሕሩ ሄደ፣ እሳተ ገሞራ አለበሰው፣ ዓባይ ቆርጦ አሳየን።"

ሽማግሌዎቹ ወለሉን ያያሉ። የኔታ ግን አልጋቸውን ትኩር ብለው አዩት።

"መሬት ተስቦ ሲለያይ መሃሉ ባሕር ይገባል ነው የምትለኝ?"

"አዎን፣ የኔታ።"

"እንግዲህ ልጄን ይዘህ አዲስ አበባ ስትገባ በእኔና በእሷ መሃል ምን ሊገባ ነው?"

ለካ አዲስ አበባ ሥራ እንደተሰጠኝ ሰምተዋል። ድንጋዩን የናቁ መስሎኝ ስንገበገብ ሰውየው የፈሩት ብቻቸውን መቅረትን ኖሯል። አፈርሁ።

"አልሄድም፣ የኔታ። ቡሬ እንኖራለን" አልሁ።

ከጓዳ የልጅቷ ድምፅ መጣ፦ "እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የኔታ ሳይስቁ ወደ ጓዳው ዞሩ። "አንችስ ምን ትያለሽ?"

"እዚሁ ከኖረ እሺ እላለሁ፤ እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ፣ አባባ?" አለች።

የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ውስጥ ሆነው "በሉ፣ ወስዳችኋታል" አሉን። እኔም ጀንዲውን በአራት ጫፉ ሰብስቤ ውኃውን ልደፋ ወደ ደጅ ወጣሁ።