ሦስት ጊዜ የተጣራው ሰው

ይህ የምነግርሽ የሆነው በ1989 ዓ.ም. በጋ ነው፤ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።

በሩ ጥግ ያስደገፍሽው ቦርሳ ነው ዛሬ ያስታወሰኝ። ካለፈው ጉዞሽ አላጠብሽውም። ላነሳው ስል ፀሐይ የበላው ሸራና የደረቅ ወንዝ አሸዋ ሸተተኝ። «ብቻዬን ነው የምሄደው፣ እማ፤ አራት ቀን፣ ሰው የሌለበት ሸለቆ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። ያንን ሽታ ስለማውቀው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ብቻዬን ሄጃለሁ። ለማንም ጨርሼ አልነገርኩም፤ ለአባትሽም ቢሆን።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሊድረኝ የቆረጠበትን ሰው እምቢ ብዬ ከቢስቲማ ጠፋሁና ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። እሷ በምትሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ቀጠሩኝ። አባቴ ሲሰማ በሰው የላከብኝ አንድ ቃል ነው፤ «ከእንግዲህ በዱዓዬ ውስጥ የለችበትም።» ሁለት ዓመት ይህን ቃል ይዤ ሠራሁ። ማሽኑ ሲጮህ ይህ ቃል አብሮ ይጮሃል። ከሥራ ወጥቼ እንኳ ጆሮዬ አያርፍም ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ስንነጋገር በጩኸት ነው፣ ቤት ስንገባም በጩኸት ነው።

ረመዳን ሲቃረብ ሰው ሁሉ የበደለውን «አውፍ በለኝ» እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔም አባቴን አውፍ ልለምን የአራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። በደመወዜ አንድ ሽርጥ ገዛሁለት፤ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ነጭ።

ቢስቲማ ስደርስ አባቴ የለም። በየበጋው ማሽላ ጭኖ ቆላ ይወርዳል፣ ፍየል ይዞ ይወጣል። እናቴ አቅፋኝ ካለቀሰች በኋላ፣ «ከታችኛው ጉድጓድ ነው የሚሰፍረው፤ እንደ ሁልጊዜው» አለችኝ።

ወንድሜ ሚስቱ አራስ ስለነበረች አብሮኝ ሊወርድ አልቻለም። «የገበያ ቀን ጠብቂና ከነጋዴዎች ጋር ውረጂ» አለኝ።

«ፈቃዴ ያልቃል» አልኩት።

«ያንቺ እግር እኮ ሰርቪስ ለምዷል። እዚያ ታች ጥሩንባ እየነፋ የሚጠብቅሽ መኪና የለም!»

ይህን እያለ ይስቃል፣ እጁ ግን የውኃ ጀሪካኔን በገመድ እያሰረልኝ ነበር። የወይራ በትሩንም ሰጠኝ። እናቴ ስታስወጣኝ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ወንድ ካየሽ ከመንገድ ዞር በዪ። እስኪያልፍ ድምፅሽን እንዳታሰሚ።»

ሱብሂ ሰግጄ ወጣሁ። ቆሎ፣ ጀሪካኑ፣ ሽርጡ፣ እግሬ ላይ የኮንጎ ጫማ። ቁልቁለቱን ጨርሼ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ስገባ ፀሐይ ገና የገደሉን ጫፍ ብቻ ነክታ ነበር። ላይ ቀይ፣ ታች ሰማያዊ ጥላ። ግራና ቀኙ ግድግዳ ነው፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቧል። አሸዋው ቀዝቃዛ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ወዲያው አልገባኝም። ጆሮዬ ዝም ብሎ ነበር። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑ ጠፋ። የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት። አንድ ጠጠር ከላይ ተንከባሎ ሲወርድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰማሁት።

አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ድምፄም ከግድግዳው ተመልሶ መጣልኝ።

ረፋዱ ላይ ድንጋዩ መሞቅ ጀመረ። የጋለ ድንጋይ ሽታ አለው፣ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ። ግራሮቹ ጥላቸውን አሳጠሩ። ውኃውን ለመቆጠብ በአሸዋው ተየሙም አድርጌ የቀትሩን ዙሁር ሰገድኩ። የሚያየኝ ሰው፣ የሚጠብቀኝ ማሽን፣ የሚጠራኝ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ለአባቴ የምለውን ቃል እየደጋገምኩ እሄድ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ቃሉንም ተውኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ይህን ስነግርሽ አሁንም አፍራለሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያኔ ነው ሰውየውን ያየሁት። ከታች፣ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ። ሸምገል ያለ አፋር፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ፈጠን ፈጠን እያለ ይመጣል። እሱ ገና አላየኝም። ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ።

የቆላን ወግ አውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ አባቴ ነግሮኛል። እዚያ ሁለት መንገደኞች ከተገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። የት ዝናብ እንዳለ፣ የት ውኃ እንደደረቀ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ አይዋሽም፣ አይደበቅም። «ራዲዮናቸው እግራቸው ነው» ይል ነበር አባቴ።

ሰውየው ቋጥኙ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አሸዋው ላይ ዱካዬን አይቷል። ወዲያ ወዲህ ተመለከተና፣ «የሰው ልጅ! ሰላም ነው?» ብሎ ተጣራ።

ይበልጥ ወደ ቋጥኙ ተጠጋሁ።

«ሰላም ነው? ወሬ አለ!»

አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት። ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብሎ፣ «አብሽር፣ አትፍራ» አለ። ማንም እንዳልመለሰለት ሲያይ ተነሥቶ ሄደ።

በኋላ እናቴን «ፈርቼ ነው» አልኳት። አመነችኝ፤ ራሷ ያዘዘችኝ ነው። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ድምፁን ስሰማ አልፈራሁም። የደግ ሰው ድምፅ ነበር። ብቻ ያ ዝምታ እንዳይነካብኝ ፈለግሁ። ገና አልጠገብኩትም ነበር።

ከቋጥኙ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ወረድ ብሎ ሸለቆው ለሁለት ይከፈላል። ወደ ቀኝ የሚገባው ጠባብ ነው፤ በሩ ላይ አንድ የዘመመ ግራር አለ። ጥላው ሥር ውኃ ጠጥቼ በግራ በኩል ቀጠልኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ታችኛው ጉድጓድ ደረስኩ። አባቴ የለም። ፍየሎቿን የምታጠጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቢስቲማ ገበያ ስለምትመላለስ አማርኛ ትችላለች። አስቀመጠችኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት እጇ ገመዱ ላይ ቀረ።

«መልእክተኛው አላገኘሽም?»

«የቱ መልእክተኛ?»

«ይህ ጉድጓድ ዘንድሮ ጨው ሆኗል፤ ለፍየል እንጂ ለሰው አይሆንም። አባትሽ ከላይኛው ጉድጓድ ነው የሰፈረው፤ ከዘመመው ግራር ወደ ውስጥ። ትኩሳት ይዞታል። በቅሎ ይዘው ይምጡ ብሎ ወደ ቤቱ ሰው ልኳል፤ ዛሬ ጠዋት። መንገዱ አንድ ነው። እንዴት ተላለፋችሁ?»

ልነሣ ስል መንገዱ በጨለማ የጅብ ነው ብላ ያዘችኝ። ወተት ሰጠችኝ። አላህ ይስጣት፣ ጎኔ ተቀምጣ አነጋች።

ጎህ ሲቀድ የወረድኩትን መልሼ ወጣሁ። ያን ቀን ምንም አልሰማሁም፤ ጠጠርም ድምፅ አልነበረውም። ከዘመመው ግራር ወደ ውስጥ ስገባ ረፍዶ ነበር። ከአባቴ ጋር የወረዱት ነጋዴዎች ከሩቅ አይተውኝ ቆሙ። ከመካከላቸው ሽማግሌው ሊቀበለኝ መጣ። እጁ ላይ አፈር ነበር።

«አሁን ቀበርነው፣ ልጄ። ሌሊት ነው ያረፈው። ትናንት እስከ አስር ሰላት ድረስ ደህና ይናገር ነበር፤ መንገዱን ሲያይ ነው የዋለው።»

አስር። ትናንት ከቋጥኙ ኋላ ባልገባ ኖሮ ከአስር በፊት እደርስ ነበር።

መቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ገና ከሥሩ እርጥብ ነበር። የከፈኑት አንድ ነጋዴ ለቤቱ በገዛው አቡጀዲ ነው። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ሽርጡን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ስለ እኔ ያለው ነገር እንዳለ ጠየቅኳቸው። ተያዩ። ሽማግሌው፣ «ለቤቱ ያለውን ሁሉ ለመልእክተኛው ነው የነገረው። እኛ አልሰማንም» አለኝ።

ይኸው ነው ልጄ። አልከለክልሽም። ዝምታ የጠማው ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ዱዓዬ አብሮሽ ነው፤ ሽንብራ ቆሎ ቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ ከትቼልሻለሁ። ብቻ ሰው ካጋጠመሽ፣ ክፋት የማይታይበት ደህና ሰው ከሆነ፣ ቁጭ በዪ። ያለውን ይንገርሽ። ከዚያ በኋላ መንገዱም ዝምታውም ያንቺ ነው።

የቀረው ይህ ነው፤ ከቀብሩ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ላይ ተመለስኩ። ያ ቋጥኝ አጠገብ ስደርስ መልእክተኛው ከላይ ሲወርድ አየሁት። በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔም ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው። የኮንጎ ጫማዬን ረጅም ጊዜ አየና ዓይኑን ወደ አሸዋው መለሰ። አልጠየቀኝም።

«ትናንት ጠዋት ቀብረውታል» አልኩት። «ከትናንት ወዲያ እዚህ የተደበቅሁት እኔ ነኝ። ልጁ ነኝ። ሰምቼሃለሁ።»

የውኃ ኮዳውን አቀበለኝ። እስክጠጣ ጠበቀ። ከዚያ በወጉ መሠረት የእሱን ጀመረ፤ ከመነሻው፣ ምንም ሳያስቀር። እናቴን እንዳገኛት፣ ወንድሜ ትናንት በቅሎ ሲፈልግ ውሎ ሌሊቱን ጭኖ ከኋላው እየመጣ እንደሆነ ነገረኝ። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባትሽ እንዲህ አለ። ኮምቦልቻ ላለችው ልጄ ንገሩልኝ። አውፍ ብያታለሁ። ከዱዓዬ መች ወጥታ ታውቃለች።»

«ደግመህ ንገረኝ» አልኩት።

ደገመልኝ። አንድ ቃል አልጨመረም፣ አንድ ቃል አልቀነሰም።

ሽርጡን ሰጠሁት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ወደ ታች ወረደ። ወዲያው ከላይ ከመታጠፊያው የበቅሎ ኮቴ ተሰማኝ። የወንድሜም ድምፅ፤ በቅሎዋን እያባበለ፣ ይሰድባት ነበር። ኮርቻው ላይ የአባቴን ብርድ ልብስ አጣጥፎ አድርጓል።

ነጠላዬን አስተካከልኩና መንገዱ መሐል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት።