የተዛወረችው ቀይ ነጥብ

ቢሮው ውስጥ «ማስመሪያዋ» ነው የሚሏት። ሃያ ሁለት ዓመት ካርታ ስትነድፍ አንድ መስመር ጠሞባት አያውቅም። ያን ዓመት የተሰጣት የከተሞች ትስስር ዕቅድ ነበር። ሰባት ትንንሽ ከተሞች በመንገድ አዲስ ከምትቆረቆር አንዲት መካከለኛ ከተማ ጋር ይያያዛሉ፤ እሷም ሆስፒታሉን፣ ትልቁን ገበያና የሙያ ትምህርት ቤቱን ይዛ ሁሉንም ታገለግላለች። የመካከለኛዋን ከተማ ቀይ ነጥብ አራት መንገድ ከሚገናኝበት ቦታ ላይ ያሳረፈችው ራሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት የታረመው ካርታ ሲመጣላት ነጥቧ በቦታዋ የለችም። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ላይ ጉብ ብላለች።

«ይህቺን ማን አዛወራት?» አለች ለኃላፊው።

«አንቺ አጥተሽው ነው?» አሏት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት።

ነገሩ አልጥም አላት። ሰውየው የሆነ ነገር በልተዋል አለች በሆዷ። ስልክ ይዘው ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ በዓይኗ ትከተላለች፤ መሳቢያቸውን ሲቆልፉ ጆሮዋ ይቆማል። እሳቸውም እሷን በጎሪጥ ማየት አመጡ።

ቅዳሜ አላስችል ሲላት አውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። ኮረብታው ላይ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ግን አዲስ የቆርቆሮ አጥር ተገትሯል። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ግቢው የማን ነው?»

«የአንድ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው ልጄ። ከተማ ሊቆረቆርበት ነው አሉ። የሚስቱ እህት ካርታ ነዳፊ ናት፤ እሷ ናት አሉ የነገረችው።»

የነጋዴውን ስም ጠየቀቻቸው፤ ነገሯት። ሲሚንቶ ነጋዴው የታናሽ እህቷ ባል ነው። እሷ ደግሞ ስለ ሥራዋ አንዲት ቃል ተንፍሳለት አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ያየችውን ሁሉ ኃላፊው ፊት ዘረገፈችው። ኃላፊው መሳቢያቸውን ከፍተው የአማቿ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ አወጡ። ነጥቧ ትዛወር ይላል፤ ጎኑ ላይ የበላይ አለቃ «ይፈጸም» ብለው መርተውበታል።

«በአንቺ በኩል የሄደ መስሎኝ እኮ ነው አፌን የዘጋሁት።»

«እኔ ደግሞ እርስዎን ስጠረጥር ሰነበትኩ።»

አብረው ተቃውሞ ጻፉ። አጣሪ ቡድን ወርዶ ሁለቱንም ቦታ አየ፤ ነጥቧም ወደ መንገዶቹ መገናኛ ተመለሰች። አማቿ አጥሩን ነቀለ። እህቷ «ቤቴን አፈረስሽው» ብላ ስልክ ከዘጋችባት ሁለት ዓመት ሆናት። ባልደረቦቿ ዛሬም ምስጢር ታወጣለች ብለው እሷ ስትገባ ወረቀታቸውን ገልበጥ ያደርጋሉ። እሷም ከምታስረክበው ካርታ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ቤቷ ወስዳ ትቆልፋለች።