ሰማኒያ ሁለት ጥርስ

የአራተኛ ክፍል መምህርቷን «ሌባ ታረባለች» እያሉ ያሟት ነበር፤ ያውም አብረዋት የሚያስተምሩት ናቸው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሐሜቱ ባዶውን አልነበረም። በየትምህርቱ አንድ ስህተት ሆን ብላ ሰሌዳው ላይ ትደብቃለች፤ የዚያ ስህተት ስሙ «ሌባ» ነው። ሌባውን ያየ ልጅ ያጨበጭባል። ጭብጨባው ሲበረታ አንዱን ታስነሣና «እስቲ ሌባው የታለ? ምንስ ሰረቀ?» ትለዋለች። ልጁም «ቲቸር፣ እንቁራሪት አጥቢ አይደለችም፤ ጡት የላትማ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ይናጋል፤ ሌባውም በዳስተር ይጠፋል።

ሂሳብ ሆነ ሳይንስ፣ ቋንቋ ሆነ ሌላ፣ ያለ ጨዋታ አይሆንላትም። ልብስ ሰፊው ባሏ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋላት ኳስ አለቻት፤ ኳሷን የቀለበ ልጅ ከትምህርቱ የገባውን አንድ ነገር ሳይናገር መልሶ አይወረውራትም። «እውነት» የሚል ወደ መስኮቱ፣ «ሐሰት» የሚል ወደ በሩ የሚሮጥበት ቀንም አለ፤ ያን ቀን አቧራው አይጣል ነው። የጎረቤት ክፍሉ መምህር ግድግዳውን እየደበደበ «እዚያ ክፍል ነው ገበያ?» ይላል። ይበል እንጂ! እሷ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንድ ነገር በደንብ አውቃለች፤ «ገባችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ሳይገባውም አዎ ነው። እንግዲህ ልጅን ማጫወት ነው እንጂ መጠየቅ ምን ይረባል?

ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ዓይኗን ጭጋግ ያዘው። መጀመሪያ መነጽሯን ወቀሰች፤ ቀጥላ ጠመኔውን፤ ጠመኔው ሲያልቅባት ደግሞ አምፖሉን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እናቷም በመጨረሻ ዕድሜዋ ዓይኗን ያጣችው እንዲሁ እያለች ነበር።

ለምን እንደ ደበቀች ግን አትፍረዱባት። ከሦስት ዓመት በፊት የስድስተኛ ክፍሉ አዛውንት መምህር ዓይናቸው ሲደክም ዳይሬክተሩ ከክፍል አውጥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጣቸው። ሰውየው የተቀዳደደ ካርታ አቧራ እያራገፉ፣ ልጆች በመስኮቱ ሲያልፉ በድምፃቸው ሊለዩዋቸው ሲሞክሩ አይታለች። «እኔንም ከልጆቼ ነጥለው ካርታ ሊያስጠብቁኝ ነው? ሞቼ እገኛለሁ!» አለች ለራሷ።

አንድ ማክሰኞ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ «ግማሽ ከሩብ ያንሳል» የሚል ሌባ ደብቃ ዞር አለች። ጭብጨባው ወዲያው ፈነዳ፤ ሌባው ተያዘ። ዳስተሩን ስታስቀምጥ ግን ሌላ ጭብጨባ መጣ።

«ቲቸር፣ ሁለተኛም አለ! ስምንት ሲባዛ በአራት አሥራ ሁለት ይላል!»

«ሦስተኛም አለ! የሁለት ነጥብ አምስት ነጥቧ የለችም፤ ሃያ አምስት ሆናለች!»

እሷ የጻፈችው ሦስት ሲባዛ በአራት ነበር። ዓይን ያልመራው እጅ ሦስቱን ዘግቶ ስምንት አድርጎታል። «አይ፣ ዛሬስ ሌባው ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው የመጣው!» ብላ ሳቀች፤ ጠመኔው ግን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ቀና ስትል ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሟል። ሰሌዳውን አየት አድርጎ ሄደ።

ከሥራ ወጥታ ባሏ ሱቅ ገባች። ክር በመርፌ ማስገባት ድሮም የእሷ ሥራ ነበር፤ እሱ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ መርፌውን ዘረጋላት። አንዴ ሳተችው፣ ሁለቴ ሳተችው፣ አራቴ ሳተችው። ባልየው መርፌውን ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደ።

«አንቺ ሴት፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አላት።

«ነገ እሄዳለሁ አልኩህ እኮ!»

«የትኛው ነገ? የትናንቱ ነው የዛሬው?»

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ እሷ አልሄደችም። ምክንያቱም፣ ጉድ እኮ ነው፣ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ሌባው አንድ ብቻ ሆነ! በየትምህርቱ የደበቀችው አንድ ሌባ ይያዛል፤ ሁለተኛ የሚባል የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። «አላልኩህም? ድካም ነው፤ ለቀቀኝ!» እያለች ባሏን ትኩራራበት ጀመር። እሱም ክሩን ራሱ በመርፌ ያስገባል።

በሁለተኛው ቅዳሜ አርባ አንድ ደብተር ተሸክማ ሱቁ መጣች። «የዓይን ነገር አይደለም፤ ብርሃኑ አይመቸኝም» ብላ እሱን አስነበበችው። እሱ ያነባል፣ እሷ በቀይ እስክሪብቶ ታርማለች። «የአዋቂ ሰው ጥርስ ሠላሳ ሁለት ነው።» እሰይ። «አንድ ኪሎ ሜትር ሺህ ሜትር ነው።» እሰይ። አርባውም ደብተር እሰይ። የመጨረሻውን ገልጦ ግን ባልየው በሳቅ ፈረሰ።

«የአዋቂ ሰው ጥርስ ሰማኒያ ሁለት ነው ይላል! ይሄማ ሰው ሳይሆን መጋዝ ነው! ቆይ ቆይ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ደግሞ መቶ ሜትር ነው…»

እሷ አልሳቀችም። ደብተሩ የሹክሹክታ ነበር። ሹክሹክታ መጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ፣ ስትናገር ከአፏ እስትንፋስ እንጂ ድምፅ የማይወጣ ልጅ ናት፤ ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እሷም ጥቂት ዘግየት ብላ ታጨበጭባለች። «ለካ ሰው አይታ ነው የምታጨበጭበው፤ ለካ ምንም አልገባትም» ብላ መምህርቷ እሑድን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች።

ሰኞ ጠዋት ገና ስም ሳትጠራ አጠገቧ አስቆመቻት።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ይሄን ሰማኒያ ሁለት ከየት አመጣሽው?»

የልጅቷ ከንፈር ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ከሰሌዳው።»

«ከየትኛው ሰሌዳ?»

«ከዚህ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም። ልጄ፣ አለመቻል ነውር አይደለም፤ ውሸት ግን አልወድም።»

ምነው ያን ጊዜ ምላሷን በቆረጠው! የልጅቷ እንባ ዱብ ዱብ እያለ ደብተሩ ላይ ወረደ። ሰማኒያ ሁለት ጥርስ አራተኛ ክፍልን መሬት ላይ የሚያንከባልል ነገር ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድም ልጅ አልሳቀም። መምህርቷ ዝምታው ሳይገባት የክፍል አለቃዋ፣ ያቺ አፏ ምላጭ የሆነች ልጅ፣ ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ አይቆጧት። እርስዎ የጻፉትን በትክክል የገለበጠች እሷ ብቻ ናት።»

መምህርቷ ክው አለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሦስት ሌባ የተያዘ ቀን ጠመኔው ከእጅዎ ሲወድቅ አየን። ዳይሬክተሩም በር ላይ ነበሩ። እንደ ስድስተኛ ክፍሉ ቲቸር ዕቃ ቤት ያስገቡብናል ብለን ፈራን። ከዚያ በእረፍት ሰዓት ተማከርን። እርስዎ የደበቁትን ሌባ እንይዛለን፤ በራሱ የመጣውን ግን አይተን እንዳላየን እንሆናለን፤ ደብተራችን ላይ አስተካክለን እንጽፋለን።»

«በራሱ የመጣውን በምን ትለዩታላችሁ?»

«የራስዎን ሲጽፉ ፈገግ ይላሉ። ያኛውን ሲጽፉ አይሉም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ክፍሉ በሙሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ ሁለት ሳምንት ኮርታበታለች። የፊተኛው ዴስክ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለእሷስ? ለምን አልነገራችኋትም?»

የክፍል አለቃዋ አንገቷን ደፋች። «ረሳናት።»

ልጆቹ ምን ያድርጉ? እሷስ ራሷ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ውስጥ ያቺን የዘገየች ጭብጨባ መቼ ጆሮ ሰጥታት ታውቃለች? ሹክሹክታን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት። ውሸት አልተናገርሽም። የዋሸው ሰሌዳው ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ በመዳፏ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ግን ሰማኒያ ሁለት አልበዛብሽም?» አለቻት መምህርቷ።

«በዝቶብኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«የአባዬን አፍ አስከፍቼ ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ ነው።» ክፍሉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ እየሰማት፣ «ሃምሳ አንዱ ረግፎበት ነው ብዬ አለቀስኩለት» አለች።

ክፍሉ የሁለት ሳምንቱን ሳቅ ያን ጊዜ ሳቀው። መምህርቷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐሉ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት።

«ቆጥረሽ ካገኘሽው፣ ለምን የቆጠርሽውን አልጻፍሽም?»

ሹክሹክታ ጥያቄው ራሱ ገረማት። «እርስዎ ጻፉታ።»

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆች ሲገባቸው ለማየት ስትደክም ኖራለች፤ ይኸው አንዲት ልጅ ማንም ሳያዛት ሄዳ፣ አፍ አስከፍታ፣ ቆጥራ መጥታለች። ከዚያ የገዛ ጣቷ የነገራትን ትታ የመምህርቷን እጅ አመነች። መምህርቷ በዕድሜዋ እንዲህ የተወደደችበት ቀን የለም፤ እንዲህ ያፈረችበትም የለም። ዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ካርታው፣ አቧራው፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ከዚህ ቃል አጠገብ ሲቆም ኢምንት ሆነባት።

ጠመኔውን አስቀመጠች። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ ይቀመጡ እስክትባል አልጠበቀችም።

«ዓይኔ አያይም» አለችው። «ክፍሉን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ።»

ዳይሬክተሩ ደነገጠ። «ማን ምን አለዎት? ማንም የከሰሰዎት የለም እኮ።»

«ማንም አልከሰሰኝም። ልጆቹማ ደበቁኝ።» ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያልታየ እንባ በሰው ቢሮ ፊቷን አጠበው።

እሱም ሰው ነው፤ ወንበር አቀረበላት፣ ውኃ ቀዳላት፣ ለዓይን ሐኪም የሚሰጥ ደብዳቤ ጻፈላት። «የዓይን ሞራ ከሆነ ይነሣል። ሲድኑ ይመለሳሉ» አላት።

«ባልድንስ?»

ዳይሬክተሩ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ሊመታ ጎንበስ አለ። እሷም አላስጨነቀችው፤ ደብዳቤውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ለምትተካኝ አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለች ከበሩ ዞር ብላ። «ከኋላ ብቻዋን የተቀመጠችውን ልጅ ወደ ፊት ታምጣት። ስታጨበጭብም እጇን አትይ፤ ፊቷን ትይ።»

ከዚያ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች ወጣች፤ ባሏን ይዛ ሐኪም ቤት ለመሄድ።