ፓኬቱ ላይ የሰው ስም የለም

ደሴ ፒያሳ ከምሠራበት ኢንተርኔት ቤት አንስተው ወሰዱኝ። ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ሽታው ሽንትና በረኪና። ብርዱ ደግሞ ያው የደሴ ብርድ ነው። ጥፋቴ ከእኛ ኢንተርኔት ቤት መንግሥትን የሚወቅስ ጽሑፍ መውጣቱ ነበር። የላከችው ከሆጤ ሰፈር የምትመጣ አንዲት ደንበኛችን፣ አስተማሪ መሆኗን አውቃለሁ። እነሱም ጠርጥረዋታል፤ ማስረጃ ግን የላቸውም። ማስረጃውን ከእኔ ፈለጉ።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነው። እርጋታው ነው ያቃጠለኝ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በኢንተርኔት የሚሄድ መልእክት ምን እንደሚይዝ ሳልልኝ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። መልእክቱ ተቆራርጦ እንደሚሄድ፣ ቁራጩ ፓኬት እንደሚባል፣ እያንዳንዱም ከፊቱ ራስጌ እንዳለው ነገርኩት። የራስጌውን ሳጥኖች ሳልኩለት፦ ርዝመቱ፣ በየጣቢያው አንድ አንድ እየተቀነሰ ዜሮ ሲገባ ፓኬቱን የሚያስጥለው ዕድሜው፣ ስህተት መኖሩን የሚያሳየው ማረጋገጫ ቁጥር፣ የላኪ አድራሻ፣ የተቀባይ አድራሻ።

የላኪው ሳጥን ላይ ጣቱን አሳርፎ የአስተማሪዋን ስም እዚህ ጻፍ አለኝ።

ያረቢ! አድራሻው ቁጥር ነው አልኩት። ቁጥሩም የመሣሪያ እንጂ የሰው አይደለም። የቤታችን ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ መስመር ስለሚወጡ ከውጭ የሚታየው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አይናገርም። እሺ፣ እሺ ይላል። ሻይ ያስመጣልኛል። ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ታዲያ ስሟ የትኛው ሳጥን ውስጥ ነው ይለኛል። በማግስቱም እንደዚያው። ወላሂ፣ ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

በመጨረሻ እኔው ጮህኩ። ለስም የሚሆን ሳጥን እንደሌለ ስንቴ ልንገርህ አልኩት።

«እሱማ የመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል» አለ። «አንተ ጨምርበት።»

«እንዲህ ያለውን ፓኬት መንገድ ላይ የሚያገኘው የመጀመሪያው መሣሪያ ይጥለዋል።»

«ይሄ የሚሄደው ወደ ዳኛ ነው። ዳኛው ከየት ያውቃል?»

እኔ ሞኙ ስንት ቀን ሙሉ ሳስረዳ ከርሜያለሁ! ወረቀቱን ተቀብዬ ሥዕሉን እንደገና በጥንቃቄ ሳልኩት፤ ሳጥን አልጨመርኩም። ከግርጌው የራሴን ስም ጽፌ ፈረምኩና መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቀረ፤ እስሩ ግን ረዘመ።

አሁን ኮምቦልቻ ኔትወርክ አስተምራለሁ። ባለፈው ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከዚያች አስተማሪ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጨዋታችን ሞቀና፣ «አንተ፣ ለመሆኑ ያኔ ምን አድርገህ ነው ያሰሩህ?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት። ለዚያ ሰውዬ ያን ሁሉ ያስረዳሁ ሰው ለእሷ አንድ ቃል መጨመር አቃተኝ። ደሴ ስንደርስ የሁለታችንንም ሂሳብ እሷ ከፈለች።