ወደ ውስጥ የታጠፈችው ስንጥር

አባ ሁሴን ያቺን አንዲት ስንጥር ወደ ውስጥ ያጠፏት አስበውበት ነው ወይስ እጃቸው ስቶ? እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ከሚሴ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጣራው ላይ እርጥብ ቀርከሃ ጭኖ ነበር። ያ ጥሬ ሽታ እስክወርድ ድረስ አብሮኝ ተጓዘ፤ ጥያቄውም አብሮት መጣ።

አባ ሁሴን ቅርጫት ሠሪ ነበሩ። የእናቴ የበርበሬ መደብ ከእሳቸው ዳስ አጠገብ ስለነበር፣ እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ እኔ የእሳቸውን እጅ ሳይ እውል ነበር። ከጨፋ ማሽላ የሚያመጡ ነጋዴዎች የሚያዟቸው አንድ ዕቃ ነበር፤ ላይም ታችም ክፍት የሆነ፣ ጆንያ አፍ ላይ ተሰክቶ እህል የሚፈስበት ቱቦ። አንዲቱን ረጅም የቀርከሃ ስንጥር ወደ ላይ ይወስዷታል፣ ጫፍ ላይ ያጥፏታል፣ ወደ ታች ይመልሷታል፤ እንዲሁ ጎን ለጎን፣ ትንሽ ዘመም እያደረጉ፣ የመጨረሻው ረድፍ ከመጀመሪያው ጎን እስኪደርስ። ከዚያ ሁለቱን ያስሯቸዋል። ውጪውን በሞራ ያሹታል፤ ውስጡን አይነኩትም።

አንድ ቀን ሰጥተውኝ ሞከርኩ። የስንጥሯ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ቀረ፤ አልገናኝ አሉ።

«ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ረድፉን ቁጠሪ እስቲ።»

«አስራ ሰባት።»

«ጎደሎ ነዋ። የወጣው ሁሉ ካልወረደ በምን ይገናኛል?»

እሳቸው በሠሩት አንድ ቱቦ ግን መሃል ላይ አንዲት እጥፋት ከረድፉ ወጥታ ወደ ቀዳዳው ገብታ ነበር። የገዛው ነጋዴ መልሶ አመጣው። «አባ ሁሴን፣ ዓይንዎ ደከመ መሰለኝ፤ ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰንቅሮበታል» አለ። እሳቸው ማሽላ አፈሰሱበት። ፍሬው ወረደ፤ የአገዳው ስብርባሪና ትልልቁ ጠጠር እጥፋቷ ላይ ቀረ። ነጋዴው ቱቦውን ብብቱ ሥር ከትቶ ሄደ።

«አውቀው ነው?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ በይ» ብለው ሳቁ። ቀጣዩን ስንጥር አነሱ።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአስራ አራት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስደርስ አንዱ ወጣት «እትዬ፣ ልጅዎን ሊጠይቁ ነው?» ብሎ ቀልዶብኛል። እስከዚያ የት ነበርሽ ለሚለኝ ሁሉ «ታምሜ» እል ነበር።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት መድኃኒት ወደ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚገባ ነው። የአንዳንዱ ባክቴሪያ ውጫዊ ሽፋን ስብ ነው፤ በስቡ መሃል ፕሮቲን ተጠቅልሎ ቱቦ ይሠራል፣ መግቢያው እሱ ነው። የቱቦውን ስፋት ለካሁ፤ መድኃኒቱ ሊያልፍ ይገባዋል። ቤተ ሙከራው ውስጥ ግን አላልፍ አለ። አማካሪዬ ምክንያቱን እስከ ሰኞ ካላመጣሁ ጽሑፌ ለፈተና እንደማይቀርብ ነገሩኝ።

እሑድ የፕሮቲኑን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ አዙሬ ከጎን አየሁት። የፕሮቲኑ ሰንሰለት ዘመም እያለ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ጎን ተያይዟል። ውጪው ከስብ ጋር ይስማማል፣ በውስጡ ውኃ ያልፋል። የአባ ሁሴን ረድፍ አስራ ስምንት ነበር፣ የዚህ አስራ ስድስት፤ ላመሳስል ብዬ አልዋሽም። ሁለቱም ግን ሙሉ ናቸው፤ የወጣው ሁሉ ወርዷል። ከላይ ወደ ቀዳዳው አየሁ። አንዲት እጥፋት ወደ ውስጥ ገብታለች።

«ጉሮሮው ላይ አጥንት» አልኩ ጮክ ብዬ። ስለካ የኖርኩት አፉን ነበር። ጉሮሮውን ለካሁት፤ ከመድኃኒቱ ይጠባል።

የፈተናው ቀን በእጄ የሠራሁትን የቀርከሃ ቱቦ ይዤ ገባሁ፤ ፈታኞቹ ፊት ማሽላ አፈሰስኩበት። ፍሬው ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ፤ ስብርባሪው እጥፋቷ ላይ ቀረ። ሲጨቀጭቁኝ የነበሩት ሽማግሌ ፈታኝ ብዕራቸውን አስቀምጠው ቱቦውን አገላበጡት። ማለፌን ያወቅሁት ያኔ ነው።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ልጅ ሳለሽ ታመሽ ከትምህርት ቀርተሽ ነበር አላልሽም?»

«አልታመምኩም ነበር» አልኳቸው። «ከሚሴ ገበያ፣ አባ ሁሴን ዘንድ እማር ነበር።»