ጋሼ ሁለተኛ ቋንቋ የተጠየቀ ጊዜ

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምራል፤ እኔም እሱ ቤት ሆኜ ነው የምማረው። ዘንድሮ ውጭ አገር ሄዶ ማስተርሱን ሊሠራ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ አመለከተ። ውጤቱን ወደዱለት፣ ሊያጠና ያሰበውንም ተቀበሉት፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ ቋንቋ አንብቦ መተርጎም እንደሚችል ማረጋገጫ ካላመጣ ዲግሪው አይታሰብም።

ፈረንሳይኛ ጀመረ። ያንን ጊዜ ያየ ነው የሚያውቀው! ከጓዳ እስከ አጥሩ በር እየተመላለሰ ያጉተመትማል፤ እኔ መጽሐፉን ይዤ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። የትናንቱን ዛሬ ይረሳዋል። ምሳ ቀርቦለት ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። እናቴ ለገበያ መጥታ ስታየው ጠበል ልትወስደው ምንም አልቀራት። እኔም ተጋብቶብኝ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ የሚገርመው ግን ቃላቱን የያዝኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሰለቸኝና "ጋሼ፣ ግዕዝስ ቋንቋ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ሳቀብኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ቁጭ ብሎ ጻፈላቸው። መልሱ እስኪመጣ ከፖስታ ቤት ደጃፍ አልጠፋ አለ። መጣ፤ ይሆናል፣ ግን የቋንቋው መምህር ፈትኖ ይፈርምልህ ይላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጋሼ ልጅ ሳለ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ይማር ነበር፤ አስኳላ ሲገባ መምህሩን ሳይሰናበት ነው ጥሎ የሄደው። አሁን ያናገራቸው መምህራን ሁሉ ያስተማረህ ይፍረም አሉት። ያስተማሩት የኔታ ደግሞ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሄድን። የኔታ በደህና ተቀበሉት። የሚፈለገው አንድ ገጽ መዝገበ ቃላት እያዩ መተርጎም ነው ሲላቸው ሰሙትና በል ጉባኤ ቃና አቅርብ አሉት፤ ከቅኔ ሁሉ አጭሯ፣ ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ጋሼ ላብ አጠመቀው። የመጀመሪያዋን ስንኝ እንኳ መጨረስ አቃተው።

"ነገ ና" አሉት።

እንዲህ ሆኖ ጋሼ በኮትና በከረባት ለምድ ከደረቡት ተማሪዎች መካከል ተቀመጠ። ቀን ሲያስቡ የዋሉትን ቅኔ ሲመሽ ለየኔታ ይነግራሉ፣ እሳቸው ያርማሉ። ተማሪዎቹ ጋሼን "አስተማሪው፣ የቤት ሥራዎን ሠርተው መጡ ወይ?" እያሉ ይቀልዱበታል። ማረጋገጫው የሚገባበት ጊዜ እያለቀ ነው፤ እሱ ግን ነገ ና ከመባል በቀር ያገኘው የለም። ቤት ሲገባ እንደገና ከጓዳ እስከ አጥሩ በር፤ አሁን ፈረንሳይኛው ቀርቶ በግዕዝ።

አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ሳለ የኔታ ብራና አስመጥተው አስነበቡት። ሳይደናቀፍ አነበበ፣ ተረጎመም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ በነሱ ቋንቋ መጻፍ ትችያለሽ?"

እችላለሁ አልኳቸው። አምና ቢሆን ከእናቴ ነጠላ ሥር እገባ ነበር።

"ጻፊ። ማንበብና መተርጎም ይችላል፤ ቅኔ ግን አልጨረሰም።"

ጋሼ የኋለኛዋ ትቅር ብሎ ለመናቸው። "እነሱ እኮ ስለ ቅኔ አልጠየቁም፣ የኔታ።"

"ፊርማው የኔ ነው" አሉት። "ጨርሰህ ብትሆን ጨርሷል እል ነበር።"

ሁለቱንም ጻፍኩ። ጋሼ እንግሊዝኛዬን አንብቦ አንድ ቃል እንኳ አላረመም፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የኔታ ፈርመውበት ላክነው፤ ከዚያ ደግሞ ጥበቃው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ታስቀረኝ ይሆን እያለ እሱም አልተኛ፣ እኔንም አላስተኛ። ክረምቱ ሳይገባ መልሱ መጣ። የጠየቅነው ማንበብ ነው፣ ተቀብለንሃል ይላል። እኔ ዘለልኩ፤ ጋሼ ደብዳቤውን ደጋግሞ አነበበና ኮቱን አነሳ። ወዴት ነው ስለው የዛሬውን ቅኔ ለየኔታ አልነገርኩም አለኝ።

ተከተልኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ አውሮፕላኑ ላወራው አፌን ስከፍት እሱ በእጁ ይከለክለኛል።

"ዝም በይ እስቲ፣ ሁለተኛዋ ስንኝ ልትጠፋብኝ ነው።"