የአያ ደርሰህ አምባዛ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሐሙሲት

መናኸሪያ ስደርስ አያ ደርሰህ ቀድመውኝ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉማራ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ጋቢያቸው ታጥቧል፣ ጫማቸው ተወልውሏል፤ ክርስትና የተጠሩ ነው የሚመስሉት። እኔ እዚሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሁለት ክረምት አብሬያቸው ወንዝ ወርጃለሁ። ደብረ ታቦር ያለ አንድ ትንሽ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዛሬ የውኃ እንስሳትን ለሕዝብ ያሳያል። አምና ክረምት አያ ደርሰህ ያጠመዱት አምባዛ ዓሣም ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል።

ለታሪፍ ኪሴን ስዳብስ ረዳቱ፣ «ሽማግሌው ከፍለዋል» አለኝ።

«ይቺን እንኳ ልክፈል እንጂ» አሉ አያ ደርሰህ። «ስሜን ጠርሙሱ ላይ ጽፈኸዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ» አልኩ።

አልጻፍኩም ነበር።

1 ሰዓት ተኩል፣ ወረታ

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ፓስቲ በሻይ እንበላለን። መንገዱ ዳር የሩዝ ማሳ፣ ጭቃ፣ ጆንያ የጫነ ጋሪ። አያ ደርሰህ ወሬያቸው አላለቀም።

«ሰው ሞፈር ሲጨብጥ አንተ ዓሣ ስትለቅም አረጀህ እያሉ ስንት ዘመን ሳቁብኝ መሰለህ። እስቲ አሁን ይሳቁ! የደርሰህ ስም መስታወት ቤት ገባ።»

ፓስቲዬን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ዓሣውን ለሙዚየሙ ስሰጥ በሞላሁት ቅጽ ላይ «ናሙናውን ያገኘው» የሚል አንድ መስመር ነበር። ለደረጃ ዕድገት ይጠቅመኛል ብዬ የራሴን ስም ከነአያቴ ሞላሁበት። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ ደብረ ታቦርም ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።

3 ሰዓት፣ ደብረ ታቦር

ብርዱ አጥንት ይገባል። ከባጃጁ ወርደን አዳራሹ ስንገባ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። የጉማሬ ጥርስ፣ ሸርጣን፣ በሳፋ ውኃ ውስጥ እንቁራሪት፤ አንዲት እናት ጣቷን ነክራ እየጮኸች ትስቃለች። አስጎብኚዋ አምባዛ ከውኃ ወጥቶ አየር መተንፈስ እንደሚችል ስታስረዳ አያ ደርሰህ፣ «እርጥብ ሣር ላይ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ!» ብለው አቋረጧት። ሰው ሁሉ ከበባቸው። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ የአምባዛቸው ጠርሙስ ፊት ቆሙ፤ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። «አንብብልኝ።»

የራሴን ስም በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ «ያገኘው፣ አያ ደርሰህ፣ ከጉማራ ወንዝ» ብዬ አነበብኩ። ያልተጻፈ አነበብኩ፤ መምህር ነኝ እኮ።

እሳቸው ግን አልጠገቡም። አስጎብኚዋን ጠሩ። «ልጄ፣ እስቲ አንቺም አንብቢልኝ። ሁለቴ መስማት አማረኝ።»

አነበበችው። የእኔን ስም ከነአያቴ፣ ጮክ ብላ። አያ ደርሰህ ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ልጅቷም ነገሩ ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ልክ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ነው። የሱ ስም የኔም ስም ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አስጎብኚዋ ከመሳቢያዋ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ባዶ ወረቀት አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሐሙሲት

በሚኒባስ ተመለስን። ቁልቁለቱም፣ የሩዙ ማሳም አለፈ፤ ምን እንዳየሁ አላውቅም። ስንወርድ ወረቀቱን አወጣሁ።

«አያ፣ ሰኞ ሄጄ እቀይረዋለሁ። የአባትዎ ስም ማን ነው?»

«ሁለት ክረምት አንድ ውኃ ውስጥ ቆመን ዛሬ ጠየቅኸኝ?» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ።

«ያገኘው፣ ደርሰህ አድማሱ» ብዬ በትልልቁ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ቆይ፣ ሌላ ሰው ያንብብልኝ» አሉ።

መንገዱን ተሻግረው ወደ አንድ ሐጂ የጨርቅ ሱቅ ሄዱ። ባለሱቁ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ሲያነብ ማዶ ቆሜ ሰማሁት። አያ ደርሰህ አንዴ አስደገሙት። እዚያው ቆሜ ጠበቅኳቸው፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም።